ነጠላ ተከናንቤ ያየሽኝ ጊዜ

ውድ እህቴ እታለም፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ጥምቀት እንዴት አለፈ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ «ደህና ነኝ» ስልሽ እውነቴን ነው። አምና ግን ውሸቴን ነበር።

ትናንት ትንሿ ልጅሽ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ግራ ጡትሽ ላይ ሽምብራ የሚያህል ነገር ካገኘሽ ሦስት ወር ሆነሽ አሉ። «አያመኝም፣ ምንም አይደለም» ብለሻታል። ልጅቷን እንዳትቆጫት።

እታለም፣ የእኔም አያመኝም ነበር።

አዎ፣ የእኔም። አምና በየካቲት፣ ከማታ ሥራ ገብቼ ሰውነቴን ስታጠብ ነው እጄ ላይ የመጣው። ጠጠር ያለ፣ ብገፋው ንቅንቅ የማይል። ካላመመኝ ብዬ ትንሽ ሰነበትኩ። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ እንደማያም ያወቅኩት ሐኪሟ ስትነግረኝ ነው። እስኪያመኝ ያለች ሴት ዘግይታ ትደርሳለች። አንቺ ግን ከአሁኑ አትደንግጪ። ጡት ላይ የሚወጣው እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። በዳበሳ ግን አይለይም። እኔን ማሞግራም በሚሉት የጡት ራጅና በአልትራሳውንድ ካዩኝ በኋላ እንኳ «ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ካልተወሰደ አናውቅም» ነው ያሉኝ።

አንቺም የፈራሽው ናሙናውን መሰለኝ። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብለውሽ ይሆናል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሐኪሟን በስልክ አስተርጓሚ ጠየቅኳት። አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት «እኔም እናቴ እንዲህ ስትል ነው የማውቀው» አለኝ። መልሷ አጭር ነበር። ናሙና መውሰድ በሽታውን ሰውነት ውስጥ አይበትነውም። ሰው ዘግይቶ ይሄዳል፣ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ይገኛል፣ ከዚያ ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል።

ናሙናው ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። የካንሰሩን ዓይነት ይለያል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአንዷ በሴት ሆርሞን ያድጋል። የሌላዋ ሄር ቱ የሚሉት ፕሮቲን ይበዛበታል። ሁለቱም የሌለበት አለ። መድኃኒቱ በዚያ ይወሰናል። የእኔ የሆርሞኑ ነው። ብብቴ ሥር ያለው ንፍፊት ጋ ደርሶ ስለነበር ኬሞ በሚሉት ካንሰሩን በሚገድል መድኃኒት ጀመሩልኝ። አንደኛው መድኃኒት እንደ ቪምቶ ቀይ ነው። ነርሷ በመርፌ ቀስ እያለች ስትሰጠኝ፣ አፌ እንዳይቆስል በረዶ አኝኪ ትለኛለች። ማታ ሽንቴ ቀይ ሲሆን ደም መስሎኝ ጮህኩ። ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው!

ጸጉሬ ትራሱ ላይ መቅረት ሲጀምር ራሴ በማሽን ላጨሁት። በቪዲዮ ስንደዋወል ነጠላ ተከናንቤ ያየሽኝ ያን ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበር እማዬ «ልጄ ሰው አገር ሄዳ ጸሎተኛ ሆነችልኝ» ብላ እልል አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ ቀዶ ጥገና ሆነ። ጡቴን አላነሱትም፣ እብጠቱን አውጥተው ለቀረው ጨረር ሰጡኝ። ይህ ለሁሉም አይሆንም፣ ሙሉ በሙሉ የሚነሳላትም አለች። ከኅዳር ጀምሮ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ። ቢያንስ 5 ዓመት ነው። ውጭ በረዶ እየጣለ ክኒኑ በላብ ያጠምቀኝና መስኮት እከፍታለሁ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ትሰድበኛለች።

የደበቅኳችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው። ግን ተሳስቻለሁ። እህቷን የያዛት ሴት ከሌላው ይልቅ ትጋለጣለች። እና እኔ የደበቅኩት የራሴን ሕመም ብቻ አይደለም፣ ላንቺ የሚያስፈልግሽን ነገር ነው። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ። ሐኪም ስታዪ መጀመሪያ የምትናገሪው ይህን ይሁን፤ «ታናሽ እህቴን ይዟት ነበር»።

በዚህ ሳምንት እዚያው ደሴ ሆስፒታል ሂጂ። ውጤቱ ካንሰር ነው ከተባለ የሆርሞን ምርመራው እንዲሠራልሽ አንቺው ጠይቂ። ሪፈር ከጻፉልሽ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ታርፊያለሽ። የጨረር ሕክምና ብዙ ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። አሁን ጅማም ጀምሯል፣ ወረፋው ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቀን አታባክኚ። ጠበሉንም አትተዪ። እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ግን አንድም ቀን ቀጠሮ አላለፈኝም። ገንዘብ ልኬያለሁ። ለምርመራ ነው፣ ለልጆቹ ጫማ እንዳታደርጊው፣ አውቅሻለሁ።

ለእማዬ አትንገሪያት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ ነጠላውን አውልቄ። ጸጉሬ በቅሏል። ድሮ ዞማ አልነበር? አሁን ጥቅልል ብሎ ነው የወጣው። ቁርጥ አባባን መስያለሁ።

ታናሽሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ