የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ስጡን፦ ለትምህርት ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ኃላፊ፣

ይህ ለቢሮዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደንቡን ጠብቀው፣ በርዕሰ መምህሬ በኩል አልፈው፣ ማኅተም አርፎባቸው የደረሷችሁ ናቸው። ለአንዱ "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" ተባልኩ። ሁለተኛው ጭራሽ መልስ አላገኘም። ሦስተኛውን ራሴ ይዤ መጣሁ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥተው ተቀበሉኝ፣ "በስልክ እናሳውቅዎታለን" አሉኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የደወለልኝ የለም። ስለዚህ አራተኛውን በአደባባይ እጽፈዋለሁ።

ገንዘብ አልጠየቅኩም። አዲስ መሣሪያም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ቁልፍ ነው።

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አለው፤ በሩ ላይም በትልቁ ተጽፎበታል። ውስጥ ባለው ቁም ሳጥን 12 ማይክሮስኮፖች አሉ። አራቱ ከካርቶናቸው ወጥተው አያውቁም። ስምንቱ ላስቲካቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ይህን የማውቀው በዓመት አንዴ ለንብረት ቆጠራ ሲከፈት አብሬ ስለገባሁ ነው። ተቆጠሩ፣ 12 ሆኑ፣ ተፈረመ፣ ተቆለፈ። ሪፖርቱ ላይም መሣሪያ እንደተሟላለት ትምህርት ቤት ተመዘገብን።

ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ሴል፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ስለተሠራበት ትንሹ ክፍል፣ እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ጎበዝ ልጅ ናት። ፈተና ላይ የማይክሮስኮፕ ሥዕል መጥቶ ክፍሎቹን ሰይሙ ሲባል አንድም ሳትስት ነው የሞላችው። "ቲቸር፣ እርስዎ ሴል በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እኛስ መቼ ነው የምናየው?" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። መልስ አልነበረኝም። ቤተ ሙከራው እኮ ከቆምኩበት ሰሌዳ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም! ልጅቷ ዘንድሮ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ከዚህ ወጥታ ሐኪም ትሁን ነጋዴ አላውቅም፤ የማውቀው የእያንዳንዱን ሌንስ ስም በቃሏ ይዛ፣ በአንዱም ሳታይ ልትወጣ መሆኑን ነው።

በዚያው ቀን ንብረት ክፍል ሄድኩ። ንብረት ያዡ ክፉ ሰው አይደለም። አብረን ነው ሻይ የምንጠጣው። የተረከበበትን ቅጽ አውጥቶ አሳየኝ። "መምህር፣ አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው፤ እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ፤ "ከበላይ የጽሑፍ ፈቃድ ይምጣ" አሉኝ። የበላይ እርስዎ ነዎት። ሦስቱም ደብዳቤዎች የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ደንብ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማይክሮስኮፕ ቢሰበር የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ስሙም ፊርማውም ቅጹ ላይ አለ። ማይክሮስኮፑ አስር ዓመት ሳይነካ ቆይቶ፣ ሌንሱ ሻጋታ ይዞት፣ በመጨረሻ "አገልግሎት የማይሰጥ" ተብሎ ቢወገድ ግን ማንም አይጠየቅም። ማንም! እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ጤነኛ አእምሮ ያለው ንብረት ያዥ ሁሉ ይቆልፋል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። ስለዚህ እሱን አልከስም። የምከሰው ደንቡን ነው፣ ደንቡን አይተው ዝም ያሉትንም።

በቁልፉ ምክንያት የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ሽንኩርት ትከፍላለህ። ከውስጠኛው ገጽ ላይ ስስ ልጣጭ በመቆንጠጫ ትገፍፋለህ። በአንድ ጠብታ ውሃ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ ትዘረጋዋለህ፣ አዮዲን ጠብ ታደርግበታለህ፣ በስሱ መስታወት ትሸፍነዋለህ። መጀመሪያ በዝቅተኛው ሌንስ ታያለህ፣ 40 እጥፍ። ከዚያ 100። ከዚያ 400። ልክ እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ሴሎች ይወጣሉ፣ በእያንዳንዱ ውስጥም አዮዲኑ ያቀለመው ኒውክለስ፣ የሴሉ አስኳል፣ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን ከሌንሱ ማንሳት አቅቶኝ ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ጎትተው ነው ያስነሱኝ። ባዮሎጂ መምህር የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሴል የሚለው ስም ራሱ የተገኘው በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ከቡሽ ላይ ስስ ቁራጭ ላጭቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የተደረደሩ ትናንሽ ክፍተቶች አየ፣ በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት በሆነው ቃልም ጠራቸው። ያየው ነገር ነበር፣ ስም አወጣለት። የእኔ ተማሪዎች ግን ስሙን ተቀብለው ነገሩን ተከልክለዋል።

ከሁክ ጥቂት ዓመታት በኋላ በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ፣ አንቶኒ ቫን ሌውወንሁክ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ላቲን አያውቅም፣ በዚያ ዘመን ላቲን አለማወቅ ደግሞ ከሊቃውንት ሰፈር ውጭ መሆን ነው። ሌንሱን በገዛ እጁ እየሞረደ የውሃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ሕያዋን አየ። ያየውንም በሚያውቀው ቋንቋ፣ በደች፣ ለለንደኑ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ በደብዳቤ ጻፈ። ሊቃውንቱ ነገሩን ለማመን ቸገራቸው። ግን ደብዳቤውን ለሚመለከተው ክፍል መርተው አልረሱትም። አስተረጎሙት። እ.ኤ.አ. በ1677 ያው ሁክ ራሱ ሙከራውን ደግሞ ሠርቶ፣ ነጋዴው ያየውን አይቶ፣ እውነት ነው አለ። በ1680 ደግሞ አባላቸው አደረጉት። ደብዳቤ የሚያነብ ቢሮ ይህን ያህል ነገር ያደርጋል።

ማይክል ፋራዳይንም ያስቡት። የአንጥረኛ ልጅ፣ መጽሐፍ ጥረዛ ቤት ተቀጥሮ ሙያ የሚማር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚያዳምጥበት ትኬት ሰጠው። በዓመቱ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1831 ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ይዞ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመነጭ ያሳየው እሱ ነው፤ የዛሬው ጄኔሬተር ሁሉ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ያ ሁሉ የሆነው አንድ ቀን አንድ በር ስለተከፈተለት ነው። ከእኔ 58 ተማሪዎች መካከል ማን እንዳለ እኔም እርስዎም አናውቅም።

መልስ ሳጣ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከተሰበረ ሌዘር መብራት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሌንስ አውጥቼ የስልኬ ካሜራ ላይ ለጠፍኩ። የሽንኩርቱን ልጣጭ በመስታወት ላይ ዘርግቼ ከታች በባትሪ አበራሁበት። ሠራ! እንደ ትክክለኛው ማይክሮስኮፕ አይሆንም፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ግን የሴሎቹ ድርድር ይለያል። ልጆቹ ተጋፉ፣ ጮኹ፣ ወንበር ላይ ወጡ። ያቺ ተማሪ ስልኩን ይዛ አልለቅም አለች። በሁለተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስልክ ክፍል ውስጥ መጠቀም ክልክል ነው ይላል። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ለወራት መልስ ያጣሁ ሰው፣ በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ ምን እንደተሰማኝ መገመት አያቅትዎትም። በጣም ነው ያመመኝ። እስካሁንም ያመኛል።

በአንድ ስብሰባ ላይ ከቢሮዎ የመጡ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሳነሳ "አሁን እኮ ሁሉም በኮምፒውተር ይታያል" ብለውኛል። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሙከራዎችን እወዳቸዋለሁ። ኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ፌት የሚባለውን የኮምፒውተር ሙከራዎች ስብስብ እኔም አስተምርበታለሁ። ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። የአተምን ውስጥ ወይም የኤሌክትሮንን ጉዞ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሴል ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው። እውነተኛው ስላይድ ላይ ጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የአየር አረፋ። ድፍን ክብ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው። "አገኘሁት!" ብሎ በደስታ ደብተሩ ላይ ይሥለዋል። ከዚያ ጓደኛው ያየው ሌላ ይሆናል፣ ይከራከራሉ፣ ስላይዱን እንደገና ይሠሩታል፣ ተሳስቶ እንደነበር ራሱ ይደርስበታል። እኔ ሳይንስ የምለው ይህንን ነው። ያየኸውን መጠራጠር፣ ደግሞ ማየት። ይህ በሥዕል አይሰጥም።

ደግሞ ጉዳዩ የተማሪ ብቻ አይደለም። ውጤት ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት በቤተ ሙከራው በር ስናልፍ "እዚህ ውስጥ ምንድነው ያለው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እነዚያ ውሃ ውስጥ አሉ የሚሏቸው ትንንሽ ነገሮች እውነት ይታያሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይታያሉ፣ ግን ተቆልፏል አልኳት። አፍሬ ነው የተናገርኩት። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ልጅሽን አስከትቢ ሲሏት ኖራለች። ሁሉንም እሺ ብላለች። ግን አንድም ቀን ማንም ጠርቶ "ነይ፣ በዓይንሽ እዪው" አላላትም። ከረጋ ኩሬ የተቀዳ አንድ ጠብታ በ100 እጥፍ ብታይ፣ ፓራሜሲየም የሚባለው ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ወዲያ ወዲህ ሲቀዝፍ ብታይ፣ ከመቶ ፖስተር የበለጠ ይገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍራንክ ኦፐንሃይመር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለውን ሙዚየም ሲከፍት መሠረቱን ያደረገው ጎብኚው መሣሪያውን በእጁ ነክቶ እንዲሞክር ነው። ነገር ይሰበራል ብለው አልዘጉትም። ጠጋኝ ባለሙያ እዚያው አስቀመጡ።

የዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 27 ለእርስዎ አልጠቅስም፤ ያውቁታል። እያንዳንዱ ሰው ከሳይንስ እድገትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1948 ተጽፏል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚካፈሉት ነገር ግን የለም።

የምለምነው ቀላል ነው። በትምህርት ላይ እያለ የተሰበረ መሣሪያ እንዳለቀ ጠመኔ ይቆጠር፤ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ፣ ለመጠገኛም በየዓመቱ ትንሽ ይያዝ። በቆጠራው ቅጽ ላይ "ስንት አለ" ከሚለው ቀጥሎ "ዘንድሮ ስንት ሰዓት ሠራ" የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ይህ ሁሉ ጥናት ይጠይቃል ካሉም ጥናቱ ይቆይ፤ ለእኛ ትምህርት ቤት ግን ንብረት ያዡን ከተጠያቂነት ነፃ የሚያደርግ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ይጻፉልን። ስላይዱን እኔ አጥባለሁ። የሚሰበር ካለ እኔ ፈርሜ እጠየቃለሁ፤ ይህንንም በሦስተኛው ደብዳቤዬ ጽፌልዎታለሁ።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ለልጆቹ ቤተ ሙከራው በር ላይ እንድንገናኝ ነግሬያቸዋለሁ። ሽንኩርቱንና አዮዲኑን እኔ ይዤ እመጣለሁ።