እትዬ፣ ከሰው ሳትሰሚው ልንገርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ለእትዬ ሐዋ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እማ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ጋሼስ ያ ወገቡ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቡ። የቀረውን ሰላምታ በስልክ አደርሳለሁ። ይሄን የጻፍሁት ሐሙስ ማታ የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በስልክ ብመልስልሽ እማ አጠገብሽ ትሆናለች፣ እኔም እቆጣለሁ። መጻፉ ይሻላል አልሁ።

«ለእህታችን ለፋጡማ ሠርግ እጅ አጠረኝ ያልኸንን ሰው ውድ ብስክሌት ላይ ተቀምጠህ አየንህ» ነው ያልሽኝ። ፎቶውን ማን እንደላከላችሁ አውቄያለሁ፣ ምንም አላልሁትም። አንቺ ግን እውነቱን ከእኔ ስሚ። ብስክሌቱ ያገለገለ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈልሁት ወሰድሁ። ያ ጥቁር ልብስ ደግሞ የኪራይ ነው፤ ጎማ ነገር ሆኖ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሰውነትን ያሞቃል፣ ያንሳፍፋልም። ለሠርጉ ካስቀመጥሁት አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ግማሹ ትናንት በባንክ ተልኳል፣ መታወቂያሽ ላይ ባለው ስም ነው። ቀሪው መስከረም ሳይጠባ ይደርስሻል። መዘግየቱ እኔንም ያንገበግበኛል፤ ሠርጉ በጥቅምት ነው፣ ሰንጋውም ድንኳኑም አይጠብቅም፣ አውቃለሁ። ብቻ «ለራሱ ይንደላቀቃል» አትበይኝ እትዬ። እሷ ቃል ናት የጎዳችኝ።

እማ ደግሞ ፎቶዬን አይታ «እሰይ፣ ሥጋው መለሰ፣ ተመችቶታል» ብላ ቡና አስፈላች አልሽኝ። ደስ ማለቷ ደስ አሰኝቶኛል። አዎ ተመችቶታል በያት።

የሚቀጥለውን ግን ስታነቢላት ዝለይው። ያ ሥጋ የምቾት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴም ኮምቦልቻም ስልክ በጠፋበት ጊዜ የመጣብኝ ነው። ሌሊት ሌሊት መኪና እነዳለሁ፣ ታውቂያለሽ። ሰው እስኪመጣ ቆሜ ስጠብቅ የአንቺን ቁጥር እደውላለሁ፣ አይጠራም፤ የእማን እደውላለሁ፣ አይጠራም። እጄ ያገኘውን እበላ ነበር። ድምፃችሁን ከሰማሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ ሥራው መቀመጥ ነው፣ ቀኑ በእንቅልፍ ያልፋል። ከ110 ኪሎ አልፌ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ደሜን አስመርምራ ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነገረችኝ። እማ ናት ወዲያው የመጣችብኝ፣ መድኃኒቷ፣ እግሯ፣ የማታ ድካሟ። ሰው ሆዱ አካባቢ ስብ ሲያበዛ የደም ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊን እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል። ከክብደቱ ጥቂት ሲቀንስና ጡንቻው ሲሠራ ደግሞ ስኳሩ ይወርዳል። መጀመሪያ በእግር መሄድ ጀመርሁ፣ ከዚያ የዋና ገንዳ፣ ከዚያ ያ የከሰስሽኝ ብስክሌት። አሁን 103 ኪሎ ነኝ። እንግዲህ እማ ወፈረ ያለችው ከስቼ ነው።

ስፖርቱ ትራያትሎን ይባላል። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ተማሪዎችሽም ይጠይቁሽ ይሆናል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ጠዋት፣ በመሀል ሳያርፉ፣ ልብስና ጫማ የሚቀየርበት ደቂቃ ራሱ እየተቆጠረ ነው። ኦሎምፒክ የገባው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ነው። ሰው የሚያወራው በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ ስለተጀመረው ስለ ረጅሙ፣ ስለ አይረንማን ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን። የእኔ አጭሩ ነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ብስክሌቱን ከደሴ ኮምቦልቻ እንደመውረድ አስቢው፣ ትንሽ ያንሳል፣ ያ ጥምዝምዝ ቁልቁለትም የለበትም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ሰው አየሩ ሳሳ ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ስተነፍስ ነው ያደግሁት።

ዋናውንስ የት ተማርሁት? ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ካለው ሐይቅ አይደለም እንዴ! አክስታችን ዘንድ በሄድን ጊዜ አንቺ ልብሴን ታቅፈሽ ዳር ቆመሽ «ወላሂ ለአባባ እነግራለሁ፣ ውጣ!» እያልሽ ታለቅሽ ነበር። አልነገርሽም። ገንዳ ውስጥ ፊቴን ውኃው ላይ ስደፋ የክሎሩ ሽታ ያስጠላኛል፤ የሐይቅ ውኃ ደለልና ደንገል ደንገል ይሸት ነበር። አንዳንድ ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ የገዳሙ ዛፎች በማዶ ይታዩኛል፣ ቀና ስል ግን የገንዳው ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው የሚወዳደረው በዕድሜ ነው፣ በየአምስት ዓመቱ ተከፍሎ። የእኔ ከ40 እስከ 44 ያለው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን አንዳንድ ውድድር ላይ በክብደትም መግባት ይቻላል። ወንድ 220 ፓውንድ፣ ማለትም 100 ኪሎ ገደማ፣ ከሞላ ወይም ካለፈ ክላይድስዴል በሚሉት ምድብ ይገባል፤ ስሙ ከስኮትላንድ የጭነት ፈረስ የተወሰደ ነው። ሴት ደግሞ 165 ፓውንድ፣ 75 ኪሎ ገደማ፣ ከሞላች አቴና በሚሉት። ግዴታ የለበትም፣ ሲመዘገቡ የሚመረጥ ነው። የመረጠ ሰው ግን በዕድሜው ምድብ ለሽልማት አይታሰብም። አዘጋጆቹ ካሻቸው ሚዛን ላይ ያወጡታል። ውጤቱ ሲለጠፍም ስሙ እዚያው ምድብ ሥር ሆኖ ለዓለም ይታያል። የእኔ ውድድር በነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው።

ብዙ አወጣሁ፣ አወረድሁ። ውኃ ውስጥ ክብደቴ አይጎዳኝም፤ ስብ ይንሳፈፋል። ሜዳ ላይ ብስክሌት ስነዳም ያን ያህል አይሰማኝም፤ እዚያ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፣ ወፍራም እግር ያለው ሰው ከቀጭኑ እኩል ይሄዳል። ዳገት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለየው፤ እያንዳንዷን ኪሎ ተሸክሞ መውጣት ነው። ሩጫው ደግሞ በየእርምጃው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሙቀቱም አለ፤ ትልቅ ገላ ሙቀቱን ቶሎ አያወጣም። 65 ኪሎ የሚመዝን እኩያዬ ሲያልፈኝ እሱና እኔ አንድ ነገር እየሠራን አለመሆኑን ሰውነቴ ያውቀዋል። ስለዚህ ምድቡ የተገባ ነው እላለሁ።

ግን ደግሞ የሚከብደኝ ነገር አለ። ቦክስም ጁዶም ትግልም በክብደት ነው። እዚያ ግን ገደቡ ከላይ ነው፣ ሰው ለመግባት ይቀንሳል። እዚህ ገደቡ ከታች ነው። ሐኪሟ ውረድ ትለኛለች፣ ምድቡ እንዳትወርድ ይለኛል። 103 ነኝ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ 100 ልደርስ እችላለሁ። ለአንድ ሜዳልያ ብዬ የእማን በሽታ በእጄ ልጠብቀው? ይሄ ነው ሌሊት መሪ ይዤ ሲያብሰለስለኝ የከረመው። ቁመት አለመጠየቃቸውም ልክ አይመስለኝም፤ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኖ 100 ኪሎ ይሞላል፣ እኔ መካከለኛ ቁመት ይዤ ከእሱ ጋር እቆማለሁ።

በዚህ ላይ የአገር ሰው ነገር አለ። አንዱ ሰው በተሰበሰበበት «የአበበ ቢቂላ አገር ሰው በኪሎ ይወዳደራል?» አለኝ። ፊቴ ጋለ። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው የሁላችንም ኩራት ነው፣ የእኔን ጉልበት ግን አያቀልልኝም። ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ሆኖ የሚወለድ ይመስላቸዋል፣ ነጮቹ ብቻ ሳይሆኑ የራሳችን ሰዎችም። በቆጂ እነ ቀነኒሳን ወልዳለች፣ አላህ ይጠብቃት። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ መኪና ነጂ ነኝ፣ ስኳር በቤታችን ያለብን ሰዎች ነን። ይሄን ደብቄ በቀጭኖቹ መሀል ብቆም ማንን ነው የምጠቅመው?

ወስኛለሁ፤ በክብደቱ ምድብ እመዘገባለሁ። ዛሬ ያለሁበት እሱ ነውና። ባለፈው ሌላ ውድድር ለማየት ሄጄ በዚያ ምድብ የገቡትን ሰዎች አየኋቸው። ቀድመው የጨረሱት ወደ ቤታቸው አልሄዱም፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው የቀሩትን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ያስገቡ ነበር። አንዷ ትልቅ ሴት ስትገባ አብሬ አለቀስሁ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ እናቶቻቸው ነበር የሚያወሩት። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ነገር የያዘው ሰው መሀል የቆምሁ ሆኖ የተሰማኝ ያን ቀን ነው። ይሄ ሸክም ከሐኪሟ ክፍል በቀር የትም ተነግሮ አያውቅም። ሰው ፊት ሚዛን ላይ ልውጣ፣ ቁጥሩም ይነበብ።

ለራሴ ግን አንድ ቃል ገብቻለሁ። ለምድቡ ብዬ አንዲት ጉርሻ አልጨምርም። ውድድሩ ሳይደርስ ከ220 ፓውንድ በታች ከወረድሁ አዘጋጆቹን ጠይቄ ወደ ዕድሜዬ ምድብ እዞራለሁ፣ እዚያ ከኋላ ብገባም ደስ ብሎኝ ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ውጤቱ ሲወጣ ያው ሰው መላኩ ስለማይቀር ነው። የፋጡማ አማቾች ፊት «ወንድማችሁ ከወፍራሞቹ ጋር ተመደበ» ብሎ የሚስቅ ቢመጣ አንቺ ቀድመሽ አውቀሽ ትቆያለሽ። ፋጡማም ከአንቺ ትስማው።

ፋጡማ! የእኛ ትንሽ ሙሽራ ልትሆን! እትዬ፣ አባባ በሌለበት ወሊይዋ፣ ዳሪዋ ማለት፣ እኔ ነበርሁ። ኒካሁ ሲታሰር እዚያ ተቀምጬ እጁን መጨበጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ወረቀቴ አላለቀም፣ ከወጣሁ አልመለስም፤ ከወጣሁ የእናንተም ነገር ይጎድላል። ለእማ «ሥራ አልለቀቀውም» በያት። ውክልናውን ለአጎታችን ሰጥቻለሁ፣ በስልክ ምስክር ባለበት ነግሬዋለሁ። ተቀብሎኝ ሲያበቃ «አብሽር ልጄ» አለኝ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት፣ መናገር አልቻልሁም። ለእኔ ብለሽ አንድ ነገር አድርጊ፤ የእማን ወገኖች፣ ክርስቲያኖቹን፣ በደንብ አስተናግጂልኝ። የእነሱ ሰንጋ ለብቻው ይታረድ፣ ወጡም በራሳቸው ሴቶች ይሠራ፣ እንደ አንቺ ሠርግ። ያኔ ሁለቱ ድንኳኖች መሀል ሳህን ይዤ ስሮጥ የዋልሁት፣ የአደሱና የሉባንጃው ሽታ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ላይ እጅ ዘርግተው ሲመርቁ «አሚን» የሚለው ድምፅ፣ አሁን ስጽፍልሽ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሙሽራው ጨዋ ነው ብለሽኛል፣ አምኜሻለሁ። ፋጡማን ትምህርቷን እንዳያስጥላት ግን አጎታችን በኒካሁ ላይ ያናግረው። ይሄንን እንደ ወሊይዋ ነው የምጠይቀው።

የእማን ነገር አደራ። በሠርግ ግርግር መድኃኒቷን ታቋርጣለች፣ አውቃታለሁ። ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር ትውሰድ። እግሯን በየማታው አንቺ እዪላት፣ በጣቶቿ መሀል ጭምር፤ ስኳር እግርን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ሳይሰማት ይከፋል። በባዶ እግሯ ግቢ አትውጣ፣ ለሠርጉ ብላ ጠባብ ጫማም አታድርግ። ሻዩ ላይ የምትጨምረውን ስኳር ቀንሺባት፣ ብትቆጣሽ በእኔ አሳብቢ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፣ የጠዋቱ የጣት ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ከሠርጉ በፊት አሠሪላት።

አንቺም አብረሽ ተመርመሪ። በሰኔ ስናወራ «ሌሊት ውኃ እየጠማኝ እነሳለሁ» ብለሽኝ ወሬ ለውጠሽ ነበር፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። ድካም ነው አትበይኝ፣ ዕድሜ ነው አትበይኝ። የምርመራውን ለብቻው ሰኞ እልካለሁ፣ ከሠርጉ ገንዘብ እንዳትነኪ። የሁለታችሁን ቁጥር በጽሑፍ ላኪልኝ፣ በድምፅ ከሆነ እማ ትሰማለች።

ወንድምሽ
ከዴንቨር