ኩሬውን እስከ መጨረሻው አታድርቀው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እህትህ ደውላ ጨው ለማውጣት አንድ ሰፊ ኩሬ ቆፍረህ የባሕር ውሃ ሞልተህበት፣ እስኪደርቅ እየጠበቅክ መሆኑን ነገረችኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። እባክህ እስከ መጨረሻው አታድርቀው።

በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨዋማ ነገር አለ፤ የሚበላው ግን 27 ግራም ገደማው ነው። የቀረው በአብዛኛው ማግኒዚየም ያለበት መራራ ነገርና ጀሶ ነው። የሚረግፉት በየተራ ነው፦ ከ13 ቦሜ (የጨው ውሃ ውፍረት መለኪያ ነው) ገደማ ጀምሮ ጀሶው፣ 25.5 አካባቢ ጨው። ያኔ ውሃው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ኩሬ አይበቃህም፣ የኔ ጌታ። አንዱ ማወፈሪያ፣ ሁለተኛው ጀሶ መጣያ፣ ሦስተኛው በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ የተደለደለ የጨው መያዣ ይሁን፤ የዚህኛው ጥልቀት ከመዳፍህ ወርድ አይብለጥ። ውሃው 25 ሲደርስ ወደ ሦስተኛው አሳልፈው፣ 29 ሲደርስ መራራውን ውሃ ልቀቀው። ከዚያ ካለፈ ማግኒዚየሙ አብሮ ይረግፋል፤ ጨውህ ይመራል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበም ጆንያው ውስጥ ይረጥባል።

የውሃውን ውፍረት እንቁላል እያንሳፈፍክ መለካትህን ተው! ጨው ሊረግፍ ገና ብዙ ሲቀረው እንቁላሉ ይንሳፈፋል። ጥንት የባሕር ውሃ እያፈሉ ጨው የሚያወጡ ሰዎች በእንቁላል የተጠቀሙት፣ ውሃው ማገዶ ሊወጣበት የሚገባ መሆኑን ለማወቅ ነበር። ሃይድሮሜትር የሚባለውን፣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ቦሜውን የሚያሳይ መለኪያ ግዛ፤ ውሃው ሲግል ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ቀድተህ አቀዝቅዘህ አንብብ።

ፀሐይ ብቻ በቂ መስሎሃል። የጠገበ የጨው ውሃ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ካለፈ መትነኑን ትቶ ከአየር ውሃ ይጠጣል። በጋው ደረቅ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ በሆነበት በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከኩሬ በቀጥታ ጨው ይዛቃል። ዝናብና እርጥበት የሚበዛባት ጃፓን ግን ይህ አልሆነላትም፤ በኖቶ ልሳነ ምድር የባሕር ውሃ አሸዋ ላይ ይረጫል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ጨው የያዘው አሸዋ ተሰብስቦ በባሕር ውሃ ይታጠብና የወፈረው ውሃ ብቻ በእሳት ይፈላል። በሰሜን እንግሊዝ ዳርቻም ማዕበል ያጠበውን አሸዋ እየፋቁ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ያንን ማወፈር ቢዘሉት ለአንድ ኪሎ ጨው ከ30 ሊትር በላይ ውሃ በማገዶ ማትነን ነበረባቸው፤ ደን አይተርፍም ነበር። ባሕር የራቃት፣ ሰማይዋ ደመና የማይለየው የቻይናዋ ሲቹዋን ደግሞ ወደ ምድር ውስጥ ቆፈረች፤ እዚያው ዚጎንግ ከተማ ያለው የሸንሃይ ጉድጓድ በ1835 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1000 ሜትር አለፈ፤ ጨዋማውን ውሃ ከዚያው ከምድር በወጣ ጋዝ ያፈሉታል።

ልብ በል፤ እሳት የሚያነዱትም እስከ መጨረሻው አያደርቁም። ጨውን ቅርጫት ውስጥ ያፍሱና መራራው ይንጠባጠባል። ጃፓኖች የተንጠባጠበውን ኒጋሪ ይሉታል፤ የአኩሪ አተር ወተት ያረጉበታል።

ደመና ካየህ ወፍራሙን ውሃ ቶሎ ወደ ጥልቅ ክዳናም ጉድጓድ ሳበው። ዝናብ ከቀደመህ አትበጥብጠው፤ የዝናቡ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከላይ በኩል አስወጣው። የዛቅከውን ጨው በንጹህ ውሃ አትጠበው፣ ይሟሟብሃል፤ በ25 ቦሜው ውሃ እጠበው። አሮጌ የእርሳስ መጥበሻ በነጻ ቢሰጡህም አታፍላበት፤ የድሮ ሰዎች ያፈሉበት ነበር፣ መርዝ ነው። ቦቲ አድርግ፣ ነጸብራቁ ዓይንህን እንዳይጎዳው ጥቁር መነጽር አትርሳ።

ኩሬው ዛሬ ስንት ቦሜ እንደደረሰ ጻፍልኝ። 29 ካለፈ መልሴን አትጠብቅ፤ ውሃ ከምትቀዳበት አርቀህ መራራውን ዛሬውኑ ልቀቀው።

እናትህ