ለሚያምን መምህር ዝምታ መፍትሔ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ክርስቲያን መምህር በክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖት ጨርሶ አፉን መክፈት እንደሌለበት ጽፈዋል። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ደሴ ውስጥ ታሪክ የማስተምር ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነኝ፤ ዝም በል የሚለው ምክር ከእኔ ሥራ ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ኢዛናን ትቶ አክሱምን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓን ትቶ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ ሼኽ ጦልሃን ትቶ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ወሎ የሚያስተምር ሰው ካለ እንዴት እንደሆነ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ሕጉም ዝም በሉ አላለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የተከለከለው ተጽእኖው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። ልጅን በራሱ እምነት መሠረት ኮትኩቶ የማሳደግ መብት በአንቀጽ 27 የተሰጠው ለወላጅና ለአሳዳጊ ነው፤ መምህር በዚያ አንቀጽ ውስጥ ቦታ የለውም። አከራካሪው ነገር እንግዲህ ስለ እምነት መናገር አለመናገሩ ሳይሆን አነጋገሩ ነው፤ እኔም ይህንን የተማርኩት አጥፍቼ ነው።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ስለ ኢዛና ክርስትናን መቀበል ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩ። ከሣቴ ብርሃን ሰላማን፣ በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው ግማሽ ጨረቃና ክብ በመስቀል መተካቱን፣ ሁሉንም በፍቅር አብራራሁ። በ615 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም የመጡትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች ታሪክ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቼ የቤት ሥራ መጻፍ ጀመርኩ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ቅድም ‘አባቶቻችን ወንጌልን ሲቀበሉ’ ያሉት የማንን አባቶች ነው?» አለኝ። በንግግሩ ውስጥ ድፍረት አልነበረበትም፤ በእርግጥ ግራ ገብቶት ነበር። በዚያ ክፍል ካሉት ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሙስሊሞች ነበሩ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ዛሬ አላስታውስም፤ ጠመኔውን ይዤ ወደ ሰሌዳው መዞሬን ግን አስታውሳለሁ።

በመማሪያ መጽሐፉ የሌለ አንድም ነገር አልተናገርኩም ነበር። ጥፋቴ «አባቶቻችን» በምትለው ቃልና በሰዓት አከፋፈሌ ላይ ነው። ሳንቲሙ ማስረጃ ስለሆነ ማንም ቢያስተምረው አይነቅፈውም፤ ሳንቲሙ የተለወጠው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚለው ግን የእኔ እምነት ነው፤ ቦታውም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወዲህ «ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ»፣ «ሙስሊሞች እንዲህ ይላሉ» ማለትን ለመድኩ። መጀመሪያ ላይ ምላሴን ይይዘኝ ነበር፤ ስለ ራሴ እምነት እንደ እንግዳ የማወራ ይመስለኝ ነበርና።

ይበልጥ የሚከብደው ቦሩ ሜዳ ነው። ቦታው ከከተማችን በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ይገኛል፤ ተማሪዎቼም በየጊዜው ያልፉበታል። በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ በጠሩት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ክርክር ተቋጨ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። በደሴ ስሙ የሚነሣው ንጉሥ ሚካኤል እስከዚያ ጊዜ መሐመድ ዓሊ ነበር። ትእዛዙን ባለመቀበል ሼኽ ጦልሃ ተነሡ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ክርስቲያን መምህር እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጊዜው የፈቀደው ነበር» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ ነገ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ሲያስተምር የሚሰማው አያገኝም። ስለ መካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ በምናገርበት ድምፅ ስለ ቦሩ ሜዳም መናገር አለብኝ፤ በሁለቱም ጊዜ ደግሞ ከፊቴ የተቀመጠው የ15 ዓመት ልጅ የማንም ጠበቃ እንዲሆን አላስገድደውም። ወሎ ተቻችሎ የኖረ አገር ነው የሚለው አባባል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ለመድረክ ንግግር እንጂ ለዚህ ትምህርት መግቢያ አይመችም፤ ልጆቹ የሚጠይቁትን ጥያቄ አስቀድሞ ይዘጋዋልና።

ተማሪ የራሴን እምነት ቢጠይቀኝስ? በ2016 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን ጀመሩ። ግቢው በሙሉ ጾመኛ ሆኖ ሰነበተ። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እናንተ ይህን ጾም የምትጾሙት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክርስቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት መጾሙን አስበን እንደምንጾም ነገርኳትና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። መልሱ ከግማሽ ደቂቃ አልበለጠም። መዋሸትም መሸሽም አላስፈለገኝም፤ ያንን በር ተጠቅሜ ስብከት ብጀምር ግን ልጅቷ ተነሥታ መውጣት አትችልም ነበር። ስም የሚጠራው፣ ማርክ የሚሰጠው፣ ወላጅ የሚያስጠራው ያው እኔ ነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዝምታ ክህደት ነው ሲል ይሞግተኛል። ለእርሱ ሰንበት ትምህርት ቤት አለለት፤ ለልጅቷም መድረሳዋ አለላት። በክፍል ውስጥ ምስክርነቴን ማየት የሚፈልግ ካለ የፈተና ወረቀት ሳርም ይየኝ።

በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የትምህርት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሠለጠንኩበት ኮሌጅ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት እንኳን አልተነገረኝም። ለሙያ ማሻሻያ በምንሰበሰብበት የሲፒዲ ጊዜ ስለ ዕቅድ አጻጻፍ ደጋግመን ከምንወያይ፣ የቦሩ ሜዳ ምዕራፍ ከመድረሱ አስቀድሞ ክርስቲያንና ሙስሊም የታሪክ መምህራን አብረን ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን የትምህርት ዝግጅት እንድናነብ አንድ ከሰዓት ይፈቀድልን።

የታሪክ መምህር
ከደሴ