የስፖርት ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

"ቤዝቦልና የአሜሪካን ፉትቦል ከአማርኛ ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ስብሰባ ላይም ተነስቷል፣ መልሴን ይኸው በጽሁፍ።

እሁድ እሁድ ከክፍል በኋላ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ልጅ ብዙ ሰው የማያውቀው የስፖርት ታሪክ ፈልጎ ያመጣና በአማርኛ ያስረዳል፣ ሌሎቹ በጥያቄ ያፋጥጡታል፣ እንግሊዝኛ የቀላቀለ ተራው ያልፈዋል (የተጫዋች ስምና ኢኒንግ፣ የቤዝቦል ዙር ማለት ነው፣ ምናምን ሲቀር)። በብርዱ ወራት ልጅ ቀንሶብን ነበር፣ ክፍላችንም ለእስክስታ ልምምድ ተሰጠና ኮሪደር ላይ ከረምን፣ እሱን እንለፈው።

ዋናው ኤፕሪል ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሄድነው ነው። ክትፎ ልንበላ ዩ ስትሪት አካባቢ ፓርኪንግ ስንፈልግ የምናልፈው ሆስፒታል እኮ በ1965 የፈረሰው ግሪፊዝ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1924 የዋሽንግተኑ ቤዝቦል ቡድን ሴናተርስ 12ኛው ኢኒንግ ላይ ኳሷ ጠጠር መታ ነው አሉ፣ በተከላካዩ አናት ላይ ዘላ ዋንጫ የበሉት እዚህ ነው፣ በ1940 የቺካጎው ቤርስ የዋሽንግተንን ፉትቦል ቡድን 73 ለ 0 ያዋረደውም እዚሁ።

ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ሆም ፕሌቱ (ኳስ መቺው የሚቆምበት) የነበረበት ቦታ ምልክት አለው። ልጆቹ ከበውት ሲንጫጩ ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት "ምን ጠፍቶባችሁ ነው ልጆች?" አሉ። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ጭንቅላቷን ብቻ የምትነቀንቀዋ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት ሄዳ አጠገባቸው የተቀመጠችው። "እማማ፣ እዚህ ጋ ጆሽ ጊብሰን ኳስ ይመታ ነበር" ብላ ጀመረች፣ ጥቁር ስለሆነ ትልቁ ሊግ እንዳላስገባው፣ ጃንዋሪ 1947 ላይ በ35 ዓመቱ መሞቱን፣ ጃኪ ሮቢንሰን የጥቁሮቹን እገዳ ሰብሮ ትልቁ ሊግ የገባው ደግሞ ልክ በሶስተኛው ወር መሆኑን፣ በ2024 ጥቁሮች ለብቻቸው ይጫወቱበት የነበረው የኒግሮ ሊግ ውጤት ሲቆጠር ግን ኳስ በመምታት አማካይ በ.372 የድሮውን ባለ ሪከርድ ታይ ኮብን በልጦ አንደኛ መሆኑን ነገረቻቸው፣ ግሷ እዚህም እዚያም ቢሰባበርም አላቆመችም። እማማ "ከሞተ ወዲያ ምን ያደርግለታል?" ሲሏት ትንሽ አሰበችና "ግን አንደኛ ነው እኮ" አለች። ሳቁና "የማን ልጅ ነሽ?" ተጀመረ፣ ነርሷ እስክትጠራቸው ወሬው አላለቀም። እኔ በደብተር ዓመቱን ሙሉ ያላወጣሁት አማርኛ ነው ያን ቀን የሰማሁት።

ለሚቀጥለው ዓመት ጋሉዴት ዩኒቨርሲቲን ለማየት አስበናል። ፉትቦል ላይ ተጫዋቾች ክብ ሰርተው የሚመካከሩት ሀድል በ1890ዎቹ እዚያ ነው የተጀመረው ይባላል፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የእጅ ምልክታቸውን ተቃራኒ ቡድን እንዳያይባቸው ብለው። ሆስፒታሉ የሄድነው በወላጆች መኪና ተጠጋግተን ነው፣ ቫን መከራየት ብንችል ቦታ አጥተው የቀሩት ልጆችም ይመጡ ነበር። የእስክስታው ልብስ መገዛቱ ደስ ብሎኛል፣ ያምርባቸዋልም፣ ኮሚቴው ግን በጀት ሲያወጣ እኛንም ያስታውሰን፤ የጥያቄና መልስ ውድድሩን ሽልማት የገዛሁት ከኪሴ ነው፣ ደረሰኙም አለ።