ከቦዩ ያወጣነው ደለል ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ክረምት በመጣ ቁጥር ጋዜጦችም ሆኑ ቴሌቪዥኑ ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይዘግባሉ። ችግኝ ሲተከል፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ፣ ደም ሲለገስ እናያለን፤ ደስም ይለናል። ዘገባው ግን ሁልጊዜ ሥራው በተጀመረበት ቀን ላይ ይቆማል። ማን እንዳስጀመረውና ምን ያህል ሰው እንደወጣ ይነገረናል፤ ሐሳቡ ከማን እንደተነሳና ከሁለት ወር በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ አንሰማም። እኔ በባሕር ዳር የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ነዋሪው በራሱ ተነሳሽነት የጀመረው ሥራ የት ላይ እንደሚሰናከል ከቅርብ ስለማየው ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ከተማችን ሜዳ ላይ ናት። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ የወረደውም ውኃ ተዳፋት አግኝቶ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ በፍጥነት አይሄድም። ቦዮቹ በደለል፣ በፌስታልና በውኃ ፕላስቲክ ሲደፈኑ ደግሞ እዚያው ይተኛል። የእኛ ሰፈር ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ያ የተኛ ውኃ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስም በየቤቱ የወባ በሽተኛ ይተኛል።

እድራችን ቦይ ወደ መጥረግ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ተገኝታ ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅባት አስረዳችን። ውኃው በየሳምንቱ እንዲፈስ ከተደረገ ከእንቁላሉ የወጣው ትል ክንፍ ሳያወጣ ይቀራል ማለት ነው። በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ዘመቻ፣ ምንም ያህል ሕዝብ ቢወጣበት፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም። በየሳምንቱ ሊያደርገው የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ አልጸደቀም። እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ የድንኳንና የንፍሮ ገንዘብ ለአካፋ መግዣ አይወጣም ያሉ አባቶች ነበሩ። እውነት ነበራቸው፤ ያ ገንዘብ የእያንዳንዱ አባል የመጨረሻ ዋስትና ነው። ስለዚህ ለብቻው መዋጮ ተወሰነ፤ ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ቡናና ቆሎ በማቅረብ እንዲሳተፍ ተስማማን። ሰውን ለሥራ በጥሩንባ እንጥራ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም «ማን ሞተ?» ብሎ ስለሚደነግጥ ወጣቶች በየበሩ እየዞሩ እንዲቀሰቅሱ ተደረገ።

የሥራውን ቀን የመረጥነውም ራሳችን ነን። ይህ ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ግን ሥራው እንዲዘልቅ ያደረገው እርሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ በሚካኤል ወይም በጊዮርጊስ ቀን አፈር የማይቆፍር ብዙ ሰው አለ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጁምዓ ይሰግዳሉ። ከላይ የሚመጣ ዘመቻ ይህን ሳያይ በበዓል ቀን ይጠራና ሰው ሲቀር «ኅብረተሰቡ ተነሳሽነት የለውም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። እኛ በሥራ ቀን ማለዳ፣ ባለ ባጃጁ ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዱ በፊት አደረግነው። ሰው ወጣ። እስካሁንም ይወጣል።

በየበሩ መዞሩ ደግሞ ያላሰብነውን ነገር ገለጠልን። ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ፣ ብቻቸውን የቀሩ እናቶች እንዳሉ፣ አጎበር ኖሮት የሚሰቅልለት ያጣ ሽማግሌ እንዳለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አሁን ቦይ የሚጠርጉት ወጣቶች አጎበርም ይሰቅላሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ የታመመ ሲኖር ባጃጅ ጠርተው ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ሰው ሲሞት ብቻ እንገናኝ የነበርን ጎረቤታሞች በሕይወት ሳለን መተያየት ጀመርን። ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ከባድ ነበሩና ይህ መተያየት ለእኔ ከቦዩም ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከቦዩ ያወጣነው ደለል የት ይሂድ? በአካፋ አውጥተን የመንገዱ ዳር ላይ እንከምረዋለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ገልባጭ መኪናና ጭቃው የሚደፋበት የተፈቀደ ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለቱም በእድር አቅም አይገኙም። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አመለከትን፤ «በዓመቱ እቅድ አልተያዘም» የሚል መልስ ተሰጠን። ክምሩ እዚያው ሰነበተ፤ ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ተጠርጎ ወደ ወጣበት ቦይ ተመለሰ። ወጣቶቹ ያን ማለዳ ቆመው ሲመለከቱት ፊታቸው ላይ ያነበብሁትን ተስፋ መቁረጥ ባለሥልጣናቱ ቢያዩት ብዬ ተመኝቻለሁ። የጉልበት ሥራ አላደከማቸውም፤ ልፋታቸው ከንቱ ሲሆን ማየት ግን አደከማቸው።

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። እንቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ እየገቡ አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ኖረዋል። ብዙዎቹ ቦቲ ጫማም ሆነ ጓንት አልነበራቸውም፤ በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። የነቀሉትን ዳር አውጥተው ይከምሩታል። ተጭኖ ካልተነሳ ሐይቁ በክረምት ሲሞላ ውኃው ክምሩ ድረስ ይመጣና መልሶ ይወስደዋል። እንቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን ተክል ነው፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዳርቻውን ከዓመት ዓመት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ሰው ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው፣ ታንኳውን እዚያ የሚያስረው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች፣ ማለትም ተፈጥሮአቸው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ እንዲጠበቅ የተመረጡ አካባቢዎች፣ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ክብር የሚመጥን ጥበቃ ከሩቅ በሚመጣ የአንድ ቀን ዘመቻ አይገኝም።

ባሕር ዳር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት የተቀበለችው ፈጣኑን የከተማ እድገት ለማስተናገድ ባደረገችው ጥረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እጅግ ሰፍታለች፤ ብዙ አዳዲስ ሰፈሮች ተቆርቁረዋል። በእያንዳንዱ ሰፈር እድር አለ፤ የአባላት መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የሚታመን ዳኛ አለው። አስተዳደሩ ለበጎ ፈቃድ ሥራ በየጊዜው አዲስ ኮሚቴ ከሚያዋቅር ይህን ያለውን ቢጠቀም ምን ነበረበት?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ሰፈር ቦይ የሚጠርግበትን ቀን አስቀድሞ ሲያሳውቅ፣ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ ገልባጭ መኪና ይላክ። ጭቃው የሚደፋበት ቦታ ይታወቅ። ውኃ ውስጥ ለሚገቡ ወጣቶች ቦቲና ጓንት ይቅረብ፤ ለመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ከሚታተመው ካናቴራና ባነር ዋጋ ከፊሉ ለዚህ ቢውል ይበቃል። ዘመቻ ሲታቀድም ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የእድር ዳኞች ይጠየቁ። እኛ ደግሞ የድርሻችንን አናጓድልም። መኪናው ነዳጅ ካጠረው መዋጮ ለማድረግ፣ የሚጭነውንም ሰው ለማቅረብ በጉባኤ ወስነናል።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጠኞቻችሁን ሐምሌ ላይ፣ ሁሉም አካፋ በያዘበት ጊዜ ብቻ አትላኩ። ኅዳር ላይ ይምጡ። በየሰፈሩ እየዞሩ የትኛው ቦይ እንደሚፈስና የትኛው እንደተደፈነ፣ ሐምሌ ከተተከለው ችግኝ የትኛው እንደጸደቀ ይመልከቱ፤ ያዩትንም ይጻፉ። ወደ እኛ ሰፈር ከመጡ መዝገቡን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ፤ ማን እንደወጣ፣ ምን እንደተሠራ፣ ለየትኛው ቢሮ መቼ እንደተጻፈ ሁሉም ተመዝግቧል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር