ስለ አራተኛው ግብ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ትልቁ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተመርጧል፤ እንደ እርስዎ በግራ እግሩ ነው የሚመታው። ትንሿ ኳስ አትወድም፤ የወንድሟን ጨዋታ ልታይ ስትሄድ መጽሐፍ ይዛ ትቀመጣለች። ስለ እነርሱ ገጹን ሙሉ ልጽፍልዎ እችል ነበር፤ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ባለፈው እሁድ በስልክ በነገሩኝ ነገር ምክንያት ነው።

ስለ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ እያወሩልኝ ነበር። ያን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም፦ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ በአጎትዎ ካፖርት ሥር ተሸሽገው ስታዲየም መግባትዎን፤ ቡድናችን ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በምትባለው በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆኑን፤ መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን፣ በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ማግባታቸውን። እሁድ ዕለት ግን አራተኛውን ያገባው ኢታሎ ነው አሉኝ። ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይተው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ፤ አሁንም ኢታሎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሳሳተው ግድ አልነበረኝም፤ እርስዎ ግን የመንግሥቱን ግብ ለማንም አሳልፈው የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

በፋብሪካው ቡድን አጥቂ ሆነው ተጫውተው ጉልበትዎ እንቢ ሲልዎ ፊሽካ አንግተው የሰፈሩን ልጆች ማሠልጠን ሲጀምሩ፣ ምሳሌዎ እርሱ እንደነበር ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል። መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ሊቢያ ሲሄድ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው ሬዲዮኑንና የእርስዎን ጀርባ ብቻ ነው። ውጤቱን ግን በኋላ እርስዎው አስጠንተውኛል፦ በወቅቱ ሻምፒዮን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈው፣ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ካሸነፈችው ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ። በተጫዋችነቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግቦች ያገባው ሰው፣ ቡድኑ በሦስት ጨዋታ አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ሰው ሲያማው እርስዎ አንድም ቀን አልተባበሩም። «አሰልጣኝ ኳስ አይመታም» ይሉ ነበር፤ አጥቂ ለነበረ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ መስመር ዳር መቆም ከምንም በላይ እንደሚከብድ፣ ያን ባዶ ለባዶም ከድል እንደሚቆጥሩት ሲያስረዱ ድምፅዎ ይለሰልስ ነበር።

አባባ፣ ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። በ1985 ዓ.ም. በቀበሌዎች ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ ላይ በዕረፍት ሰዓት ቀየሩኝ። መቀየሬ ትክክል ነበር፤ ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች ስቻለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ገብቶ አገባ፤ ዋንጫውንም ወሰድን። የከነከነኝ ሌላ ነው። ተቀይሮ ለሚወጣ ልጅ ሁሉ፣ ላብ በላብ ሆኖ እንዳይበርደው ካፖርትዎን አውልቀው ያለብሱት ነበር፤ ያን ቀን ግን ካፖርቱ ከእርስዎ ትከሻ አልወረደም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። በነጋታው ታኬታዬን ለዚያው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠሁ፤ እርስዎም አይተው ምንም አላሉም። በሦስት ጨዋታ ግብ ላጣ ቡድን ምክንያት ያገኙለት አባቴ ለ45 ደቂቃዬ አንድ ቃል ማጣትዎ፣ እነሆ የሁለት ልጆች አባት ሆኜም አልወጣልኝም። ልጄ ተቀይሮ ሲወጣ ጃኬቴን ይዤ የምሮጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ልጁ ያፍርብኛል።

እኅቴ ማክሰኞ ደውላ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ከተመላለሱበት ሜዳ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ጠፍቶብዎት ከሚያሠለጥኗቸው ልጆች አንዱ እጅዎን ይዞ እንዳመጣዎት ነገረችኝ። እርስዎ ጉልበቴን አሞኝ ነው እንዳሉ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ትወስድዎታለች፤ ገንዘቡን ልኬአለሁ፤ እባክዎ እንደ ባለፈው በር ላይ ደርሰው አይመለሱ። ማታ ማታ ጋዙን እርሷ ትዝጋው። ወደ ሜዳ መሄድዎን ተዉ አልልም፤ ልል ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ከፊሽካዎ ማሰሪያ ላይ የቤቱን ቁልፍና የእርሷን ስልክ ቁጥር እንድታስርበት ነግሬአታለሁና አይቆጧት።

የምፈራውን ነገር ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ያ ካፖርት ያን ቀን ለምን እንዳልወለቀ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳልጠይቅዎ የቆየሁትም ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። እሁድ ስደውል ስለ ጨዋታው ከማውራታችን በፊት እርሱን ይንገሩኝ። አራተኛውን ግብ ማን እንዳገባው እኔ አውቀዋለሁ።

ልጅዎ